ላክስተን፦ ያለ አጥር የቀረው የእንግሊዝ ገበሬዎች አጥቢያ

የእንግሊዝን ገጠር በፎቶግራፍ ወይም በባቡር መስኮት ብቻ የሚያውቅ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚመጣለት በቁጥቋጦ አጥር የተሸነሸነ አረንጓዴ ምድር ነው። ይህ መልክ ከጥንት ጀምሮ የነበረ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በመካከለኛው እንግሊዝ ግን አብዛኛው አጥር የተተከለው በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ ለብዙ መቶ ዓመታት ምድሩ የሚታረሰው ያለ አጥር፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሕግ ተስማምቶ ነበር። የዚህ አስተራረስ ቅሪት በጥቂት ቦታዎች ይታያል። ሦስቱን ታላላቅ ማሳዎች፣ የሰብል ፈረቃውንና ማሳውን የሚያስተዳድረውን ችሎት አንድ ላይ ይዞ እስከ ዛሬ የዘለቀው ግን በኖቲንግሃምሻየር አውራጃ የሚገኘው ላክስተን የተባለ አነስተኛ አጥቢያ ነው።

ላክስተን በ2020 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) ባለቤት ስለተለዋወጠበት ስሙ እንደገና ሲነሣ ቆይቷል። ስለ እርሱ የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ስሕተት ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም የጋራ እርሻ ማለት ባለቤት የሌለው እርሻ ማለት ነው የሚለው ነው። ነገሩ እንዲህ ስላልሆነ ከመሠረቱ እንነሣ።

አጥቢያ ሲባል በእንግሊዝ ምን ማለት ነው?

ቃሉ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በእንግሊዝም አጥቢያ መጀመሪያ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ክልል ነበር፤ በክልሉ ውስጥ የሚኖረው ገበሬ ከእህሉ፣ ከጠቦቱና ከሱፉ ዐሥራት የሚያወጣው ለዚያ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህ ክልል ከጊዜ ወደ ጊዜ የመንግሥት ሥራም እየተጫነበት ሄደ። ከ1538 ጀምሮ ካህኑ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲጽፍ ታዘዘ፤ በ1601 በወጣው ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ አጥቢያ ድሆቹን ራሱ ከሚሰበስበው ግብር እንዲረዳ ኃላፊነት ተጣለበት። በ1894 የወጣው ሕግ የቤተ ክርስቲያኑንና የመንግሥቱን ሥራ ለይቶ በየገጠሩ የተመረጠ የአጥቢያ ምክር ቤት እንዲቋቋም አደረገ። ስለዚህ ዛሬ አጥቢያ ሲባል ሁለት ነገር ይገባል፤ አንደኛው የካህኑ ክልል፣ ሁለተኛው በእንግሊዝ የአስተዳደር እርከን ዝቅተኛው ነው።

ከሁለቱ ሌላ ሦስተኛ ነገር አለ፤ ማነር ይባላል። ማነር ማለት አንድ ባላባት በጌትነት የያዘው መሬትና በዚያ መሬት ላይ ያለው የዳኝነት ሥልጣን ነው። የአጥቢያው ወሰንና የማነሩ ወሰን አንዳንድ ጊዜ ይገጥማል፣ አንዳንድ ጊዜ አይገጥምም። ማሳውን የሚመለከተው ሕግ የሚወጣው ከቤተ ክርስቲያኑ ሳይሆን ከማነሩ ችሎት ስለሆነ ላክስተንን ለመረዳት ይህን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል።

መንደሩ ምን ይመስላል?

ላክስተን ከኒዋርክ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከባድ ሸክላማ አፈር ባለው ወጣ ገባ ምድር ላይ ይገኛል። በ1086 የእንግሊዝ ንጉሥ የአገሩን መሬት ሁሉ ባስመዘገበበት ታላቅ መዝገብ ውስጥ ስሙ ሰፍሯል። ከመንደሩ በስተሰሜን በእጅ የተቆለለ ትልቅ የአፈር ጉብታ አለ፤ የኖርማኖች ዘመን ግንብ የቆመበት ሲሆን ግንቡን የያዙት ባላባቶች የሸርውድ ደን ጠባቂነትን በዘር ሐረግ የወረሱ ነበሩ። ዛሬ ግንቡ የለም፤ ጉብታው ግን ሣር ለብሶ እንዳለ አለ።

በሊቀ መላእክት ሚካኤል ስም የተሠራው ቤተ ክርስቲያን በመካከል ይቆማል፤ የገበሬዎቹ ቤቶች ደግሞ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። በሌላው የእንግሊዝ ገጠር የገበሬው ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከመንደር ርቆ በራሱ ማሳ መካከል ለብቻው ይቆማል። በላክስተን ግን ገበሬዎቹ እንደ ጥንቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ብዙዎቹ የቆዩ የቀይ ጡብ ቤቶች ጎናቸውን እንጂ ፊታቸውን ለመንገድ አይሰጡም፤ ከኋላቸው ግቢው፣ ጎተራውና ረጅሙ ጓሮ ይከተላል። የቤቱ ይዞታ ጠባብና ረጅም ስለሆነ ሁሉም ሰው መንገድ ዳር መውጫ እንዲኖረው ያደረገው ይህ አሠራር ነው። ቤቶቹ በአንድ ላይ የሆኑትም ሰው መሰባሰብ ስለወደደ ብቻ አይደለም። የእያንዳንዱ ገበሬ መሬት በሦስት አቅጣጫ የተበተነ ስለሆነ ከመንደሩ የተሻለ መካከለኛ ቦታ የለውም።

ክፍት ማሳ የማን ነው?

ክፍት ማሳ ማለት በውስጡ አጥር የሌለበት፣ ብዙ ገበሬዎች የየራሳቸው ቁራጭ ያላቸው በጣም ሰፊ ማሳ ነው። ላክስተን ሦስት ክፍት ማሳዎች አሉት፤ የምዕራብ ማሳ፣ የደቡብ ማሳና የወፍጮ ማሳ ይባላሉ። እያንዳንዱ ገበሬ በሦስቱም ውስጥ ቁራጮች አሉት፤ ከእነዚህ በተጨማሪ ከክፍት ማሳዎቹ ውጭ የታጠረ መሬት አለው፤ ከብቱንም የሚያሰማራው በዚያ ነው።

እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ የሚፈጠረው። ቁራጩ የጋራ አይደለም። ማን የቱን እንደሚያርስ በካርታና በስም የታወቀ ነው፤ አራሹ የዘራውን ራሱ ያጭዳል፣ ትርፉም ኪሳራውም የራሱ ነው። የጋራ የሆነው ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ ዓመት በዚህ ማሳ ምን ዓይነት ሰብል እንደሚዘራ፣ አዝመራው ከተነሣ በኋላ ከብት መቼ እንደሚገባበት፣ በማሳዎቹ መካከል ያሉት የሣር መንገዶች ስፋት ስንት እንደሆነ የሚወስነው ሕግ የጋራ ነው። በአፓርታማ ውስጥ የሚኖር ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ቤቱ የግሉ ነው፣ ደረጃውና ጣሪያው ግን የሁሉም ስለሆነ ብቻውን ሊያፈርሰው አይችልም።

መሬቱ ለምን ተበታተነ ለሚለው ጥያቄ በጎጃምና በጎንደር የርስት ሥርዓት የነበረውን የሚያስታውስ አንባቢ መልሱን ግማሽ በግማሽ ያውቀዋል። አንዱ ማሳ ደረቅ ጉብታ፣ ሌላው ውኃ የሚተኛበት ረግረግ፣ ሦስተኛው ለም ከሆነ ለአንዱ ገበሬ ጉብታውን፣ ለሌላው ለሙን መስጠት ፍርደ ገምድልነት ነው። ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት የያዘ ሰው ግን በዝናባማውም በድርቁም ዓመት አንድ ነገር ይቀረዋል። ዋጋው በአንጻሩ ግልጽ ነው፤ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው መመላለስ ጊዜ ይበላል፣ ጎረቤትም ሰነፍ ከሆነ አረሙ ተሻግሮ ይመጣል።

ቁራጮቹ ለምን ረጅምና ጠባብ ሆኑ?

መልሱ ያለው በማረሻው ላይ ነው። የእኛ ማረሻ አፈሩን እየሰነጠቀ የሚያልፍ ቀላል መሣሪያ ሲሆን በሁለት በሬ ይጎተታል፤ ስለዚህም በማሳው ጫፍ መዞር አያስቸግርም። የሰሜን አውሮጳው ከባድ ማረሻ ግን አፈሩን ቆርጦ ወደ አንድ ጎን የሚገለብጥ ብረትና ጣውላ ያለበት ነበር፤ በሸክላማ አፈር ላይ እስከ ስምንት በሬዎች ይጠመዱበታል። እንዲህ ያለውን ረጅም ጥማድ ማዞር ትልቅ ድካም በመሆኑ አራሹ መዞርን ለመቀነስ ሲል በተቻለው መጠን ረጅም ፈር ይመርጣል። ፈርሎንግ የተባለው የእንግሊዝ የርዝመት መለኪያ ስሙ ከፈር ርዝመት የመጣ ሲሆን 201 ሜትር ያህል ነው። አንድ ኤከር የሚባለው የስፋት መለኪያ ደግሞ በልማድ አንድ የበሬ ጥማድ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነበር፤ በዛሬ ልኬት 0.4 ሄክታር ይሆናል። አንድ ጥማድ መሬት ስንል የምናስበው አሳብ ልክ ይኸው ነው፤ ሁለት ሕዝቦች ሳይገናኙ መሬታቸውን በበሬያቸው ቀን ሥራ መለካታቸውን ሳስብ እደነቃለሁ።

ማረሻው አፈሩን ወደ አንድ ጎን ብቻ ስለሚገለብጥ አራሹ የቁራጩን መካከል እየዞረ ሲያርስ በየዓመቱ አፈሩ ወደ መሐል ይከመራል። ከብዙ ዓመታት በኋላ እያንዳንዱ ቁራጭ እንደ ዓሣ ጀርባ ጎበጥ ይላል፤ በሁለት ቁራጮች መካከል ያለው ዝቅታም ውኃ ማፍሰሻ ይሆናል። በመካከለኛው እንግሊዝ ከታጠሩ በኋላ ታርሰው በማያውቁ የግጦሽ መስኮች ላይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደ ማዕበል የሚታዩት ጉብታና ሸለቆዎች የዚህ ዘመን አሻራ ናቸው። ብዙዎቹ በጫፋቸው ላይ በስሱ ይጠመዘዛሉ፤ ጥማዱ ጫፍ ከመድረሱ በፊት ለመዞር ወደ ጎን ማዘንበል ስለሚጀምር ነው።

ፈረቃው እንዴት ይሠራል?

ሦስቱ ማሳዎች በሦስት ዓመት ዙር ይፈራረቃሉ። በአንደኛው ማሳ በመከር ወራት ስንዴ ይዘራል፤ ክረምቱን በመሬት ውስጥ አሳልፎ በቀጣዩ በጋ ይታጨዳል። በሁለተኛው ማሳ በጸደይ የሚዘራ ሰብል፣ እንደ ገብስ ወይም ባቄላ ያለው ይዘራል። ሦስተኛው ጦም ያድራል። በቀጣዩ ዓመት ስንዴ የነበረበት ማሳ የጸደይ ሰብል ይቀበላል፣ የጸደይ ሰብል የነበረበት ጦም ያድራል፣ ጦም ያደረው ወደ ስንዴ ይመለሳል።

ጦም ማደር የሰነፍ ገበሬ ምልክት የሚመስለው ሰው አለ። ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ከመምጣቱ በፊት ግን ማሳው ኃይሉን መልሶ የሚያገኘው፣ አረሙም በተደጋጋሚ እርሻ የሚጠፋው በዚያ ዓመት ነበር፤ በላዩ የሚሰማሩት በጎችም ፍጋቸውን ጥለውበት ይሄዳሉ። ባቄላ ደግሞ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለአፈሩ የሚያተርፍ ሰብል በመሆኑ በፈረቃው ውስጥ መግባቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርቡ ዘመን ጦም በሚያድረው ማሳ ላይ ለመኖ የሚሆን ሣር መዝራትም ተፈቅዷል፤ የዙሩ ቅደም ተከተል ግን አልተለወጠም።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይከተላል። በስንዴ ማሳ ውስጥ አንድ ገበሬ ብቻውን ባቄላ ልዝራ ቢል ከብት በሚገባበት ጊዜ የእርሱ ሰብል ገና ያልደረሰ ይሆናል፤ አጥርም የለውም። ስለዚህ ፈረቃው እንዲሠራ ሁሉም አብሮ መዝራት፣ አብሮም ማንሣት አለበት። የግለሰብ ነጻነት የሚጠብበት ቦታ ይህ ነው፤ ሥርዓቱን የሚተቹ ሰዎችም አዲስ ሰብል ለመሞከር የፈለገ ብልኅ ገበሬ በጎረቤቶቹ ይታሰራል ሲሉ የሚያነሡት ነጥብ እውነትነት አለው።

በማሳዎቹ መካከል ደግሞ ለእርሻ የማይመቹ፣ ውኃ የሚተኛባቸው ወይም ቁልቁለት የሆኑ የሣር ቦታዎች አሉ፤ ሳይክ ይባላሉ። ማረሻ ነክቷቸው ስለማያውቅ በሌላው የእንግሊዝ ገጠር የጠፉ የሜዳ አበቦች በብዛት ይበቅሉባቸዋል፤ ለተፈጥሮ ጥበቃም በሕግ ተከልለዋል። በየበጋው ሣራቸው በጨረታ ለገበሬዎች ይሸጣል፤ አሸናፊው አጭዶ ድርቆሽ ያደርገዋል።

ድንበር የሚገፋውን ማን ይከለክለዋል?

አጥር በሌለበት ማሳ ላይ ጎረቤትን ለመዝረፍ ሌሊት መውጣት አያስፈልግም፤ ሲያርሱ ማረሻውን አንድ ፈር ወደ ጎን ማስጠጋት ይበቃል። አንድ ፈር 30 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ በ200 ሜትር ርዝመት 60 ካሬ ሜትር መሬት ይወጣዋል። ይህን አሥር ጊዜ የደጋገመ ሰው ከጎረቤቱ ወይም ከሣሩ መንገድ ሦስት ሜትር ገፍቷል ማለት ነው፤ ያንን ያህል ጊዜ ሲያልፍ ደግሞ የቀድሞው ወሰን የቱ ጋ እንደነበር የሚመሰክር ሰው ላይገኝ ይችላል።

ላክስተን ለዚህ ያበጀው መድኃኒት ኮርት ሊት የተባለው የማነሩ ችሎት ነው። ችሎቱ በየዓመቱ ቃለ መሐላ የሚፈጽሙ 12 ያህል ገበሬዎችን ይሰይማል፤ ጁሪ ይባላሉ፣ ከመካከላቸውም አለቃ አላቸው። በኖቬምበር መጨረሻ፣ አዲሱ ስንዴ ከመሬት ብቅ ሲል፣ ጁሪው ወደዚያ ዓመት የስንዴ ማሳ ይወጣል። ጊዜው በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ስንዴው አንድ ጣት ያህል ሲያድግ ማሳው ራሱ ይናገራል፤ አረንጓዴው መስመር መንገዱ ላይ ከወጣ፣ ወይም ሳይኩ ውስጥ ከገባ፣ ማን እስከ የት እንዳረሰ ከሩቅ ይታያል። ከወር በፊት ቢመጡ ጥቁር አፈር ብቻ ነው፤ በበጋ ቢመጡ ሰብሉ ሁሉን ሸፍኖታል።

ገበሬዎቹ ረጃጅም የጎማ ጫማቸውን አጥልቀው፣ የእንጨት ችካልና መዶሻ ይዘው በጭቃው ውስጥ ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ይሄዳሉ። በሁለት ይዞታዎች ወሰን ላይ ሲደርሱ የቀድሞውን ምልክት ይፈልጋሉ፤ ከጠፋ ወይም ከተዛነፈ በእርምጃና በዓይን አስተካክለው አዲስ ችካል ይመታሉ። ክርክር የሚነሣ ከሆነ የሚያልቀው እዚያው፣ ወሰኑ ላይ ቆመው ነው። ድንበር የገፋ፣ መንገድ ያረሰ ወይም የውኃ መውረጃውን ያልጠረገ ሰው ስሙ ይጻፋል። እነዚያው ገበሬዎች ራሳቸው በዚያ ማሳ ውስጥ ቁራጭ ያላቸው ስለሆኑ ሲፈትሹ የራሳቸውም ሥራ እየተፈተሸ ነው፤ ጎረቤቱን ያስመዘገበ ሰው በሌላ ዓመት በዚያው ጎረቤት ፊት ይቆማል። የዚህ ሥርዓት ጉልበት በዚህ መተያየት ውስጥ ይመስለኛል፤ ከቅጣቱ መጠን አይደለም፣ ቅጣቱ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ፓውንድ አያልፍምና።

ከሳምንት በኋላ ችሎቱ ደቭኮት በተባለው የመንደሩ መጠጥ ቤት ይሰየማል። ባላባቱን የሚወክል የሕግ ሰው በሰብሳቢነት ይቀመጣል፤ ጁሪው ያየውን ያቀርባል፣ ቅጣት ይወሰናል፣ ለሚቀጥለው ዓመት አዲስ ጁሪ ይምላል። ፒንደር የተባለ ሹምም አለ፤ የባዘነ ከብት ሲያገኝ በአጥቢያው በረት ዘግቶ ባለቤቱ እስኪቤዠው የሚጠብቅ ነው። በ1977 የእንግሊዝ ፓርላማ የእንዲህ ዓይነቶቹን የጥንት ችሎቶች የዳኝነት ሥልጣን ሲሽር የላክስተንን ብቻ ለይቶ አስቀርቶለታል፤ ምክንያቱም ሌሎቹ የክብር ሥነ ሥርዓት ብቻ ሆነው ሲቀሩ የላክስተኑ ገና ማሳ የሚያስተዳድር የሥራ ችሎት ነበር።

የጋራ ከሆነ አይበላሽም ወይ?

በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ለሁሉም ክፍት የሆነ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ጻፈ፤ እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት ሲጨምር ጥቅሙ የራሱ፣ ጉዳቱ የሁሉም ስለሆነ ሁሉም እየጨመረ ሣሩን ይጨርሰዋል የሚል ነው። ይህ አሳብ ለብዙ ዘመን የጋራ ይዞታን ለማጥላላት ሲጠቀስ ኖሯል። የእንግሊዝ መንደሮች ግጦሽ ግን ለሁሉም ክፍት አልነበረም። መብቱ ያላቸው ሰዎች በስም የታወቁ ነበሩ፤ አንድ ሰው ስንት በግና ስንት ላም ማሰማራት እንደሚችልም የተወሰነ ነበር። ከልኩ ያሳለፈ በችሎት ይቀጣል። ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ከሴቶች የመጀመሪያ ሆና የተቀበለችው የጋራ ሀብትን ሕዝቡ ራሱ በሚያወጣው ሕግ ጠብቆ ማቆየት እንደሚችል ከብዙ አገሮች ማስረጃ ሰብስባ በማሳየቷ ነው። ወሰኑ የታወቀ፣ ሕጉ በተጠቃሚዎቹ የወጣ፣ ተቆጣጣሪው ከራሳቸው መካከል የሆነ፣ ቅጣቱም ቀለል ካለ የሚጀምር ብላ የዘረዘረቻቸው ምልክቶች አንድ በአንድ በላክስተን ችሎት ላይ ይታያሉ።

ሌላው እንግሊዝ ለምን ታጠረ?

አጥር ሲባል የሽቦና የቁጥቋጦ ነገር ብቻ አይደለም፤ የሕግ ነገር ነው። የአንድ አጥቢያ ዋና ዋና ባለመሬቶች ለፓርላማ አቤቱታ ያቀርባሉ፤ ሕጉ ሲጸድቅ የተሾሙ ኮሚሽነሮች ከመሬት ቀያሽ ጋር መጥተው የተበታተኑትን ቁራጮች ደምረው ለእያንዳንዱ ባለመብት በአንድ ቦታ የተሰበሰበ መሬት ይደለድላሉ። ከዚያ በኋላ የጋራ ግጦሽ የለም፣ የጋራ ፈረቃም የለም፤ እያንዳንዱ ድርሻውን በራሱ ወጪ ያጥራል። ከ1604 እስከ 1914 ድረስ ከ5,200 በላይ እንዲህ ያሉ ሕጎች የወጡ ሲሆን 6.8 ሚሊዮን ኤከር፣ ማለት ከእንግሊዝ መሬት ከአምስት አንዱን እጅ ያህል ነክተዋል።

ፈቃዱ የሚቆጠረው በሰው ብዛት ሳይሆን በመሬት ዋጋ ስለነበረ ጥቂት ባለጸጎች ከተስማሙ የብዙ ድሆች እምቢታ ክብደት አልነበረውም። ትልቁ ባለመሬት ተጠቀመ፤ መሬቱ በአንድ ቦታ ሆነለት፣ ያሻውን ዘራ፣ ዘሩን የመረጠውን ከብት ከጎረቤቱ ከብት ለየ። ትንሹ ባለመሬት የአጥሩ ወጪ ከበደውና ብዙ ጊዜ ሸጦ ወጣ። መሬት የሌለው ነገር ግን በልማድ አንዲት ላም ወይም ጥቂት ዝይ በጋራው ሣር ያሰማራ የነበረ ጎጆኛ በወረቀት የሚያሳየው መብት ስላልነበረው ያለ ካሳ ቀረ። ምርት መጨመሩን የሚያስረዱ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ ጭማሪው ምን ያህል ከአጥሩ እንደመጣ ይከራከራሉ። የጎጆኛው ላም የጠፋች መሆኗ ግን አያከራክርም፤ በእኔ ሚዛን ከማንኛውም የምርት ስሌት ጋር አብሮ መጻፍ ያለበት እርሱ ነው።

ላክስተን የተረፈው በመንደሩ ሰው ጥበብ ብቻ አልነበረም፤ ይህን ሸፍኖ ማለፍ ታማኝነት አይሆንም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መሬቱ የተከፋፈለው ኧርል ማንቨርስና ኧርል ስካርብሮ በተባሉ ሁለት መሳፍንት መካከል ሲሆን ማጠሩን በሚመለከት ሊስማሙ ስላልቻሉ ነገሩ ዘገየ። ከዚያም በ1870ዎቹ መጨረሻ የእህል ዋጋ ወድቆ ግብርናው ሲዳከም ለአጥር ገንዘብ የሚያወጣ አልተገኘም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ማንቨርስ ትንንሾቹን ቁራጮች አጣምሮ ቁጥራቸውን ቀነሰ፣ ስፋታቸውን ጨመረ፤ የክፍት ማሳዎቹም አጠቃላይ ስፋት ጠበበ። ይህ ባይደረግ ኖሮ ትራክተር ሲመጣ ሥርዓቱ አይቆምም ነበር። ሳይለወጥ የቆየ የመካከለኛው ዘመን መንደር ነው የሚለው አነጋገር ስለዚህ ትክክል አይደለም፤ እየተለወጠ የቆየ ነው።

የቀድሞውን መልኩን ማየት ለሚፈልግ በ1635 ማርክ ፒርስ የተባለ ቀያሽ ማነሩን ለገዛው ለለንደኑ ነጋዴ ለሰር ዊልያም ኮርተን የሠራው ታላቅ ካርታ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ተስሏል፤ በማሳዎቹ መካከል ጥማዳቸውን የሚነዱ አራሾች፣ አጫጆችና ከብቶች በቀለም ሠፍረዋል። ካርታውን ከዛሬው መንደር ጋር ያነጻጸረ ሰው መንገዶቹንና የማሳዎቹን ስም መለየት አይቸግረውም።

ዛሬ የማን ነው?

ገበሬዎቹ አብዛኛውን መሬት የሚያርሱት በኪራይ ነው። በ1952 ኧርል ማንቨርስ መሬቱን ለግብርና ሚኒስቴር ሸጠ፤ ዓላማውም ክፍት ማሳው እንዳይጠፋ ነበር። በ1981 ወደ ክራውን እስቴት፣ ማለትም የዘውዱን ንብረት ወደሚያስተዳድረው ተቋም ተዛወረ። በ2020 ደግሞ የማንቨርስ ቤተሰብ ርስት ወራሽ ወደሆነው ወደ ቶርስቢ እስቴት ተመለሰ። ባለቤት ሲለዋወጥ ገበሬዎቹን የሚያሳስባቸው አንድ ነገር ነበር፤ አዲሱ ባለቤት ችሎቱንና ፈረቃውን እንዲያከብር ግዴታ ገብቶ ይሆን ወይ የሚል ነው። ሕጉ ችሎቱን ቢጠብቅለትም ችሎቱ የሚያስተዳድረው ማሳና በማሳው የሚሠራ ገበሬ ከሌለ የሚጠበቀው ስም ብቻ ይሆናል።

ችግሩ ያለው እዚህ ነው። ለክፍት ማሳው ሥርዓት የሚያስፈልገው ብዙ ትንንሽ ገበሬ ነው፤ የዘመኑ ግብርና ግን ጥቂት ትልልቅ ገበሬዎችን ይመርጣል። ኮምባይነር ያለው ሰው ሰፊና ያልተቆራረጠ ማሳ ይፈልጋል፤ በመንደሩ ውስጥ ያለ አሮጌ የእርሻ ቤት ለከተማ ሰው መኖሪያ ቢሸጥ ከእርሻው ገቢ በላይ ያወጣል። እንግሊዝ ከአውሮጳ ኅብረት ከወጣች በኋላ በ2020 በወጣው የግብርና ሕግ መሠረት ለገበሬ በሄክታር ልክ ይከፈል የነበረው ድጎማ እየቀረ፣ ገንዘቡ አፈርን፣ ውኃንና አራዊትን ለሚጠብቅ ሥራ እየተመደበ ነው። ሳይኮቹና ጦም የሚያድረው ማሳ ለዚህ የሚመቹ ይመስላሉ፤ የድጎማው ደንብ ግን የሚጻፈው ለአንድ ገበሬ የታጠረ ይዞታ ስለሆነ በጋራ ሕግ ለሚታረስ ማሳ በልኩ የተሰፋ አይደለም። አንድ እርሻ ሲለቀቅ ከውጭ የሚመጣው ተከራይ ዘሩንና ማሽኑን ብቻ ይዞ ቢመጣ አይበቃም፤ በጁሪ መማልን፣ የጎረቤቱን ወሰን ማክበርን፣ በኖቬምበር ጭቃ መውጣትንም መቀበል አለበት።

ጁሪው በዚህ ዓመት ያየው አንዱን ማሳ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ስንዴው ወደ ሌላው ማሳ ይዛወራል፣ በዚህኛው ላይ የጸደይ ሰብል ይዘራል፣ ከዚያም ጦም ያድራል። አሁን የተመቱት ችካሎች እስከ ሦስተኛው ዓመት ማንም ሳይፈትሻቸው በዝናብና በትራክተር መካከል ይቆማሉ፤ በዚያን ጊዜ የሚመጡት 12 ሰዎችም መጀመሪያ የሚፈልጉት እነርሱን ነው።